በኪስ የሚገባ ስልክ፣ በኪስ የሚገባ ኮምፒዩተር



በሰቆጣ ገበያ ፍየል ሸጦ ወይም ማር ሸጦ ስልክ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ዓይነት ስልክ ያያል። አንዱ ባለ ቁልፍ ነው። ሌላው ፊቱ መስተዋት የሆነ፣ በጣት እየተነካ የሚታዘዝ ነው። ይህን ሰው «ታች» ወይም «ስማርት ስልክ» ይለዋል። ዋጋው ከባለ ቁልፉ ይበልጣል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ብር ከመቁጠር በፊት ልዩነቱን ማወቅ ይበጃል። ባለ ቁልፉ ከሞላ ጎደል ስልክ ብቻ ነው። ታች ግን ስልክም ኮምፒዩተርም ነው።

ኮምፒዩተር ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር የሚያሰላ፣ የሚጽፍ፣ የጻፍነውንም የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። ዱሮ በኪስ የሚገባ አልነበረም። በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ «ኤኒያክ» የሚባል ኮምፒዩተር ለሕዝብ ታየ። (እ.ኤ.አ. ማለት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው።) ኤኒያክ አንድ ትልቅ አዳራሽ ይሞላ ነበር። ክብደቱ 27 ቶን ያህል ነው፤ ይኸውም 270 ኩንታል ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጫን፣ ኤኒያክን ለማንሳት 540 አህያ ያስፈልግ ነበር።

ስልክ ደግሞ በሀገራችን የቆየ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ ሽቦ የመዘርጋት ሥራ የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ሽቦው 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያለ ሽቦ የሚሠራው የእጅ ስልክ ማለትም ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው።

ስልክና ኮምፒዩተር በአንድ ዕቃ የተገናኙት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። አይቢኤም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ሳይመን» የሚባል ስልክ ሠራ። ሳይመን ግማሽ ኪሎ ይመዝናል። ባትሪው የአንድ ሰዓት ያህል ንግግር ብቻ ይችል ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. አይፎን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንድሮይድ የሚሠራው ስልክ ለገበያ ቀረቡ። ዛሬ በገበያችን የምናያቸው አብዛኞቹ ታች ስልኮች በአንድሮይድ የሚሠሩ ናቸው።

ፊደላችንም ገብቶበታል

በፊት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ አማርኛ በሌላው ላይ ሲከፈት አይነበብም ነበር። በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ይታይ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን «ዩኒኮድ» በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። በዚህ መዝገብ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ የተጻፈው «ሀ» አዲስ አበባም ላይ፣ አሜሪካም ላይ ያው «ሀ» ሆኖ ይነበባል። በኽምጣና የሚጽፍ ሰውም በዚሁ ፊደል ይጠቀማል።

ለገበሬ ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ሒሳብ ያሰላል። 12 ኪሎ ማር አላችሁ እንበል። የአንዱ ኪሎ ዋጋ 450 ብር ቢሆን፣ ስልኩ 5400 ብር ብሎ ይነግራችኋል። በሒሳብ የሚያጭበረብር ነጋዴ አያታልላችሁም።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ያነሣል። ፍየል ቢታመም ወይም ጤፍ ቅጠሉ ቢያበላሽ ፎቶውን አንሥቶ ለእንስሳት ሐኪሙ ወይም ለልማት ሠራተኛው ማሳየት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ይጻፍበታል፤ ይነበብበታል። ዕቁብ የጣለና ያልጣለ፣ ብር የተበደረና የመለሰ በስም ይመዘገብበታል።

ነገር ግን ሁሉ ነገር ታች አይፈልግም። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የእርሻ ምክር የሚሰጠው 8028 የስልክ መስመር ሲጀመር በማንኛውም ስልክ እንዲደወልበት ሆኖ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም በባለ ቁልፍ ስልክ *127# ተብሎ ይሠራል። ብር መላክና መቀበል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ባለ ቁልፉ ይበቃዋል። ቻርጁም ለቀናት ይቆያል። ታች ግን በብዛት ከተነካካ በየቀኑ ቻርጅ ይጠይቃል። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ሶላር ከሌለ ይህ ችግር ነው። እንግዲህ አስቡበት።

ስትገዙ ይህን እዩ

1. የራሳችሁን ሲም ካርድ አስገብታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ደውሉ። ድምፁ ይሰማል ወይ?

2. አማርኛ አለው ወይ? ስማችሁን በፊደል ጽፋችሁ ሞክሩ።

3. *#06# ብላችሁ ንኩ። 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። በካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት፤ ስልኩ ቢሰረቅ ያስፈልጋችኋል።

4. ደረሰኝ ተቀበሉ። የተጻፈበትን ራሳችሁ አንብቡ።

የሚስጥር ቁጥር የማን ነው?

ማንበብ የማይችል ሰው ብር ሲላክለት ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጣል። «እስቲ እይልኝ» ይላል። የሚያይለትም ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ የስልኩ ባለቤት አንድ፣ የብሩ ባለቤት ሁለት ይሆናሉ ማለት ነው! ሰውየው ታማኝ ከሆነ ደግ ነው። ካልሆነስ?

ማንበብ የቻለ ሰው ግን የመጣውን መልእክት በራሱ ዓይን ያያል። ስንት ብር እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ ያውቃል። አንዳንድ አታላይ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» እያለ ይደውላል። አትመኑት። የሚስጥር ቁጥር ለልጅም፣ ለወዳጅም፣ ለሚደውል ሰውም አይነገርም። የተወለዳችሁበትን ዓመት ወይም 1234ን የሚስጥር ቁጥር አታድርጉ። ሌላ ሰው በቀላሉ ይገምተዋል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ይህንን የዋግ ሰው አይቶታል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ ስልክና መብራት ተቋርጠው ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ተቋርጦም ብዙ ወራት ቆየ። ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ ያለ ብር አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጥቂት ጥሬ ብር በእጅ ይኑራችሁ። የዘመድ ስልክ ቁጥርና የብድር ሒሳብ በደብተርም ላይ ይጻፍ። በስልኩ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ፎቶና ጽሑፍ፣ ሒሳብ ማስያውም ግን ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ።

እንግዲህ ወገኖች! ታች ስልክ ኮምፒዩተር የሚሆነው ለሚያነብ ሰው ነው። ለማያነብ ሰው በውድ የተገዛ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። እናንተ ይህን ገጽ ያነበባችሁ፣ በስልኩ ላይ የሚወጣውንም ማንበብ ትችላላችሁ። በቤታችሁ ገና ፊደል ያልቆጠረ ካለ፣ ከስልኩ በፊት ፊደሉን አስጨብጡት።

ለውይይት

1. በቀበሌያችሁ ባለ ቁልፍ ስልክ የሚበቃው ለየትኛው ሥራ ነው? ታች የሚያስፈልገውስ ለየትኛው?

2. «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ቢደወልላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

3. ኔትወርክ ለአንድ ወር ቢጠፋ፣ በደብተራችሁ ላይ ምን ምን መጻፍ ነበረበት?