ዳቦ ለመግዛት የሚበቃ ካታላንኛ

በባርሴሎና ከተማ ዳቦና ሽንኩርት ለመግዛት የሚወጣ እንግዳ ሰው ካታላንኛ ባያውቅም በረሃብ አይሞትም። የአገሩ ሰው ከራሱ ቋንቋ ጋር እስፓንኛም አሳምሮ ያውቃልና፣ በእስፓንኛ የጠየቀ ሁሉ የጠየቀውን ያገኛል። እንግዲያስ ሁለተኛ ቋንቋ መማር ምን ይረባል ያሰኛል። እኔም ለጥቂት ወራት ትምህርት ወደዚያች ከተማ በሄድሁ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በግራሲያ ሰፈር የሚገኝ አንድ ዳቦ ቤት ነው።

በዚያ ዳቦ ቤት ገበያተኛው ተሰልፎ አይቆምም። እንደ ልቡ ተበታትኖ ይቆምና፣ አዲስ የመጣው ሰው «ኪ ኤስ ሉልቲም?» ማለት «የመጨረሻው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «እኔ ነኝ» ያለውን ሰው በዐይኑ ይዞ ከእርሱ ቀጥሎ ይስተናገዳል። ሳይጠይቅ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ተራ የለውም። እኔ የሰልፉን ጫፍ ስፈልግ ስድስት ሰዎች ቀድመውኝ ገዝተው ወጡ። ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ መጠናት ያለበት ይህ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ተራው ሲደርስ «ፖዚም» ይባላል፤ ቃል በቃሉ «ያስቀምጡልኝ» እንደ ማለት ነው። ይህ ለአንቱታ ሲሆን፣ ለወዳጅ ወይም ለእኩያ «ፖዘም» ይሆናል። አንተና እርስዎን ለይቶ ያደገ ኢትዮጵያዊ በዚህ አይቸገርም፤ እንዲያውም በዚያ ቋንቋ አንተና አንቺ ስለማይለዩ ሸክሙ ይቀልለዋል። የ«ኝ» ድምፅም አያስቸግረውም፤ ዓመትን «አኝ» ይሉታል። ዳቦ ቤቱን «ፎርን» ሲሉት ከጣሊያን የወረስነውን ፉርኖ ያስታውሰዋል። መጠንቀቅ የሚገባው ሥጋ ቤት ሲገባ ነው፤ «ሻይ» ብሎ የጠየቀ ሰው የበግ ሥጋ ይመዘንለታል። ዋጋ መጠየቂያውም «ኳን ባል?» ነውና፣ ለእኛ ጆሮ ባል የሚያፈላልግ ሰው ይመስላል።

ቃላቱስ በሁለት ሳምንት ይያዛሉ። የሚያስቸግረው ጥቃቅኑ ሰዋስው ነው። እንቁላል ሻጩ «ስንት ልስጥዎ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እኛ «ሁለት እፈልጋለሁ» ብለን እናበቃለን። በካታላንኛ ግን «ከእርሱ» የምትል «እን» የተባለች ትንሽ ቃል ከፊት ካልገባች ንግግሩ ጎደሎ ነው፤ «እን ቡይ ዶስ» መባል አለበት። እርስዋን የረሳ ተማሪ ባዕድነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ከዚህ የባሰው የኃላፊ ጊዜ ነው። «ባች» ማለት «እሄዳለሁ» ማለት ነው። ሆኖም «ባች ኩምፕራ ፓ» ያለ ሰው ዳቦውን ትናንት ገዝቶታል፤ «ባች አ ኩምፕራ ፓ» ያለው ደግሞ ገና ዘንቢሉን ይዞ ወደ ገበያ መሄዱ ነው። ገዛሁንና ልገዛ ነውን የምትለየው አንዲት «አ» ብቻ ናት። «እሄዳለሁ» የሚለው ቃል ያለፈ ነገር መንገሪያ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሰዓታቸውም እንደዚሁ ነው። አንድ ምሽት ሳል ይዞኝ መድኃኒት ቤቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ብጠይቅ «እስከ ዶስ ኳርትስ ደ ኖው» ተባልሁ። ቃል በቃሉ «የዘጠኝ ሁለት ሩብ» ነው። ዘጠኝ ተኩል መሰለኝና በእነርሱ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ብደርስ መዝጊያው ወርዶ አገኘሁት። ለካስ ስምንት ተኩል፣ በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ኖሯል። ካታላኖች የሚቆጥሩት በመሞላት ላይ ያለውን ሰዓት ነው፤ እህል በእርቦ እየተሰፈረ ቁና እንደሚሞላ፣ ዘጠነኛው ሰዓትም በሩብ በሩብ ይሞላል፤ ሁለት ሩብ ሲገባበት እኩሌታው ደረሰ ይላሉ። ይህን የተረዳሁት ሌሊቱን ሙሉ ስስል ካደርሁ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ አጥንቶ ወደ ገበያ የወጣ ተማሪ ግን ያላሰበው እንቅፋት ይገጥመዋል። አንዲት ቃል እንደ ተሰናከለ፣ አንዳንዴም ገና መልኩ እንደ ታየ፣ ሻጩ በፈገግታ ወደ እስፓንኛ ይዞርለታል። ይህንንም በክፋት አያደርገውም፤ እንግዳ እንዳይቸገር ብሎ ነው። ልማዱ ግን የቆየ ታሪክ አለው። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1939 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከተፈጸመ በኋላ የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ካታላንኛን ከመሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት አስወጥቶት ነበር። ፍራንኮ በ1975 እስኪሞቱ ድረስ አንድ ትውልድ የእናቱን ቋንቋ በቤቱ እየተናገረ፣ ማንነቱን ለማያውቀው ሰው በእስፓንኛ መመለስን ተማረ። በ1979 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ካታላንኛ ከእስፓንኛ ጎን የካታሎኒያ የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ በ1983ም ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው ሕግ ታወጀ። የአፍ ልማድ ግን በአዋጅ አይለወጥም።

የካታሎኒያ መንግሥት በሚያደርገው ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች መካከል የዘወትር ቋንቋችን ካታላንኛ ነው ያሉት በ2003 ከመቶ 46 ነበሩ፤ በ2023 ከመቶ 32.6 ሆነዋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት ከውጭ የገባው ሕዝብ መብዛቱ ነው። እንግዲህ ሻጭ ሁሉ ለመጤ ሁሉ ቋንቋውን የሚለውጥ ከሆነ፣ መጤው ካታላንኛን ከወዴት ይሰማዋል? እኔ ለዳቦዬ ብዬ የጀመርሁት ነገር ለባለ ዳቦ ቤቱም የሚያሳስብ ጉዳይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በካታሎኒያ ለአዋቂዎች የሚሰጠው የመጀመሪያው ደረጃ የቋንቋ ትምህርት ያለ ክፍያ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቋንቋውን የሚያውቅን ፈቃደኛ ሰው ከአንድ ተማሪ ጋር አጣምሮ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በጠቅላላው አሥር ሰዓት የሚያነጋግር ድርጅት አለ። ለእኔ የደረሱኝ ጡረታ የወጡ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። ሰዓታችንን ቡና ቤት ተቀምጠን እንድናሳልፈው አልፈቀዱም፤ ዘንቢል አስይዘው ከሱቅ ወደ ሱቅ ይመሩኝ ነበር። የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ ሻጩ ወደ እስፓንኛ ቢዞር አንተ አትዙር፣ ቀስ ብለህ በካታላንኛ ቀጥል። በመጀመሪያው ቀን በእስፓንኛ የመለሱልኝ አራት ሻጮች ናቸው። በአምስተኛው ሳምንት የሽንኩርት ነጋዴው ብቻ ቀረ፤ እርሱም በኋላ እንደ ሰማሁት ከሌላ የእስፓኝ አውራጃ የመጣ ሰው ኖሮ፣ እንደ እኔው ይቸገር ነበር።

ወደ አገሬ ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ በዚያው በመጀመሪያው ዳቦ ቤት ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ገብተው ዙሪያውን ተመለከቱና፣ ዐይናቸው በእኔ ላይ ሳያርፍ «ኪ ኤስ ሉልቲም?» አሉ። ሰዉ ዝም አለ። የመጨረሻው እኔ ነበርሁና «ሶክ ዦ» አልሁ። ሽማግሌውም ራሳቸውን ነቅንቀው ከኋላዬ ቆሙ።