ይሉኝታን ጥለው የሚሄዱበት መንገድ

«አንድ ወር ያህል ብቻዬን በእግሬ ልጓዝ ነው» ብለው ለቤተሰብዎ ይንገሩ። መጀመሪያ ይሳቃል። ቀጥሎ ቁጣ ይመጣል። በመጨረሻም እናትዎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ገጠመህ ልጄ?» ወይም «ምን ሆንሽብኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። አይፍረዱባቸው። እኛ ላሊበላም ሆነ ግሸን፣ ቁልቢም ሆነ አክሱም የምንሄደው ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከማኅበርተኛ ጋር ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ የከፋው፣ ወይ ከሰው የተጣላ ይመስለናል።

በሰሜን ስፔን ግን ብቻ መጓዝ የተለመደ ነው። «ካሚኖ ዴ ሳንቲያጎ» ማለት የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ማለት ነው። ያዕቆብ የዘብዴዎስ ልጅ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሚያዝያ 17 የምታስበው ሐዋርያ ነው። በስፔናውያን ትውፊት ዐፅሙ ያረፈው በሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ካቴድራል ነው። ወደዚያ የሚወስዱት መንገዶች ብዙ ናቸው። በጣም የታወቀው ከፈረንሳይዋ ትንሽ ከተማ ከሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነስቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ አምስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሁሉም መንገዶች ተጉዘው የምስክር ወረቀት የወሰዱት ሰዎች 500 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሁሉም ለስለት የሄዱ አይደሉም። ሐዘን ያለበት፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ጡረታ የወጣ፣ ልጆቹን ድሮ ቤቱ ጭር ያለበት ሁሉ ይሄዳል።

ሃምሳ ሎሚ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ብቻዎን ሲሄዱ ሎሚው ሁሉ የእርስዎ ነው። ልምድ ያላቸው ተጓዦች የሚመክሩት የቦርሳዎ ክብደት ከሰውነትዎ ክብደት አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ ነው። 60 ኪሎ ከሆኑ 6 ኪሎ ማለት ነው። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቀላል ስሊፒንግ ባግ፣ ነጠላ ጫማ፣ መድኃኒት ይበቃል። «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» ብለው የሚጨምሩት እያንዳንዱ ዕቃ ወገብዎ ላይ ያርፋል።

ጫማዎ አዲስ አይሁን፤ ከጉዞው በፊት በደንብ ይልመዱት። የመጀመሪያው ቀን ቀላል አይደለም። ከ200 ሜትር በታች ተነስተው የፒሬኔ ተራሮችን ከ1,400 ሜትር በላይ ይወጣሉ። እግርዎ ላይ የማቃጠል ስሜት ሲጀምር እዚያው ተቀምጠው ያሽጉት፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይቷል።

«እናንተ ቅደሙ»

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጓደኛ ያገኛሉ። አብራችሁ ትበላላችሁ፣ ትስቃላችሁ። በማግስቱ እነርሱ ይፈጥናሉ። እርስዎም ይሉኝታ ይዞዎት እግርዎን እየጎተቱ ይከተላሉ። ብዙ ጉልበትና ተረከዝ የሚጎዳው እንዲህ፣ በሰው እርምጃ ሲሄዱ ነው።

እኛ ደግሞ በይሉኝታ ያደግን ነን። ጠግበን «እንቢ» ማለት አንችልም፤ ደክሞን «ልረፍ» ማለት ያሳፍረናል። ካሚኖ ላይ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እደርሳለሁ» ማለትን ይለማመዳሉ። በሌላ ቀን ደግሞ የማያውቁት ሰው ፋሻ ሲሰጥዎ፣ ውሃ ሲያካፍልዎ «አይ፣ ግድ የለም» ሳይሉ ይቀበላሉ። ይህ ከመጀመሪያው ይበልጥ ሊከብድዎ ይችላል።

ሜዳው ላይ

ከቡርጎስ ከተማ በኋላ መሴታ የሚባል ሰፊ የእህል አገር ይመጣል። ካሪዮን ከምትባል ከተማ ሲወጡ 17 ኪሎ ሜትር ያህል መንደር የለም፤ ጥላም ብርቅ ነው። ብዙ ሰው እንባው የሚመጣው እዚህ ነው። አባትዎ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ይሆናል። በለቅሶው ጊዜ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ነበር። እርስዎ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ሲያስተናግዱ ከረሙ። ከአርባው በኋላ ሥራና ልጆች ያዙዎት። አልቅሰው አልወጣልዎትም። መሴታ ላይ የሚያስተናግዱት ሰው የለም።

ይህን የምንለው ግን መንገድ ሐኪም ነው ለማለት አይደለም። እንቅልፍ አጥተው፣ ከመኖር ተስፋ ቆርጠው ከሆነ ጉዞው ይቆይ፤ አስቀድመው ባለሙያ ያነጋግሩ።

ከመነሳትዎ በፊት

• በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄዱ ከሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈልግዎታል። ብዙውን ጊዜ የሚቆዩት ስፔን ስለሆነ ማመልከቻው ለስፔን ኤምባሲ ነው።

• ግንቦትና መስከረም ይመረጣሉ። ብርድም ሐሩርም አይበዛም፤ መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም። በተራራው አናት የሚያልፈው መንገድ ከኅዳር እስከ መጋቢት በፈረንጆች አቆጣጠር ዝግ ነው።

• የተጓዥ ደብተር ይያዙ። በየማረፊያው ማኅተም ይመታበታል፤ በእግር ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ መጨረሻ ላይ ምስክር ወረቀት ያገኛሉ።

• ቢጫ ቀስቶቹን ይከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤሊያስ ቫሊኛ የሚባሉ የኦ ሴብሬሮ መንደር ቄስ ያስጀመሯቸው ናቸው። ቀስት ካጡ ወደ መጨረሻው ቀስት ይመለሱ።

• ገና ሳይነጋ ብቻዎን አይውጡ። ማታ ማታ የት እንዳደሩ ለአንድ ሰው ይጻፉ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ጠጠሩ

ከቤትዎ ሲወጡ ከግቢዎ አንዲት ጠጠር ያንሱ። ሊዮን ከተማን ካለፉ በኋላ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ የቆመ የብረት መስቀል ያገኛሉ። ተጓዦች ከየአገራቸው ያመጡትን ድንጋይ ከሥሩ ይጥላሉ። ሐዘንዎን፣ ቂምዎን ወይም «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ፍርሃት አስበው ይጣሉት። ከዚያ በኋላ ሳንቲያጎ ለመድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀርዎታል፤ ቀስ ብለው ይሂዱ።

ካቴድራሉ አደባባይ ሲደርሱ ለእናትዎ ይደውሉ። «ደረስኩ» ሲሏቸው እልል ይላሉ። ከዚያ «ከማን ጋር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።