አሮጌው ክኒን አዲሱን ረታ

በመድኃኒት ገበያ አዲስ የወጣው አሮጌውን ያስወጣል ተብሎ ይታመናል። በልብ ሕክምና ዘርፍ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ይህን ስሌት ገልብጦታል። የተፎካከሩት ሁለት የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ናቸው።

አንደኛው ዋርፋሪን ነው። በ1948 በአይጥ መርዝነት ለገበያ ቀርቦ፣ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ጣጣው ብዙ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ጎመን አብዝቶ መብላት እንኳ ኃይሉን ይቀንሰዋል። በመሆኑም በሽተኛው አይኤንአር የተባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ማድረግ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ያወጣው ሪቫሮክሳባን ሲሆን፣ ይህን የዘወትር ምርመራ አይጠይቅም። የልብ ምታቸው በተዛባ 14,264 በሽተኞች ላይ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት ስትሮክን በመከላከል ከዋርፋሪን እንደማያንስ በማሳየቱ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ገበያው ሰፋለት።

ይሁንና የልብ ቫልቫቸው ክፉኛ የጠበበ ሰዎች በዚያ ጥናት አልተካተቱም። ለዚህ ጉዳት ዋናው መንስኤ በልጅነት በአግባቡ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በሽታው በሀብታም አገሮች ብርቅ ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በመሰል አገሮች ግን ወጣቶችን ይጥላል።

ክፍተቱን ለመሙላት ኢንቪክተስ የተሰኘው ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ 24 አገሮች ተካሄደ። ገንዘቡን የሰጠው ራሱ ባየር ነው። ውጤቱ ግን ለኩባንያው ዕቃ አልበጀም። ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት 2,275 ሰዎች 552 ሲሞቱ፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት 2,256 ሰዎች የሞቱት 442 ናቸው። በከባድ የደም መፍሰስም አሮጌው መድኃኒት የጎላ ብልጫ አላሳየም።

ይህ ማለት አዲሱ መድኃኒት ለማንም አይረባም ማለት አይደለም። ሩማቲክ ለሌለባቸው የልብ ምት መዛባት ሕሙማን ዛሬም ይታዘዛል። በሌላ አገር በሽተኛ ላይ የተገኘን ውጤት ለራስ አገር በሽተኛ እንዳለ መውሰድ ግን ነፍስ ያስከፍላል። ስለዚህ ወጣት ሐኪሞች ሲሠለጥኑ የጥናቱን መደምደሚያ ብቻ ሳይሆን በእነማን ላይ እንደተሠራ መጠየቅንም መማር አለባቸው። የዋርፋሪንን መጠን ከምርመራ ውጤት ጋር እያመዛዘኑ ማዘዝም እንዲሁ የቆየ ነው ተብሎ የሚተው ሙያ አይደለም።

ለነጋዴውም ትምህርት አለው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን ተካሂዶ በ2015 የታተመ የ3,343 የሩማቲክ ሕሙማን ምዝገባ፣ ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱት ውስጥ ደማቸው በሚፈለገው ልክ ላይ የተገኘው ከሦስት አንድ እጅ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። ክኒኑ ርካሽ ነው፤ እጥረቱ ያለው ምርመራው ላይ ነው። የመመርመሪያ መሣሪያና ሪኤጀንት ሳይቋረጥ የሚያቀርብ አስመጪ፣ ለበሽተኛው ቅርብ የሆነ ላቦራቶሪ የሚከፍት ባለሀብት፣ ከአዲስ ክኒን ይልቅ የሚፈለግ ዕቃ ይዞ ገበያ ይገባል።