ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሉመን አትመኑ

«ፕሮጀክተሩ 12,000 ሉመን ይላል፤ ለሳሎን ይበቃል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይጎርፍልኛል። የምስልና የድምፅ መሣሪያ መግጠም ሥራዬ ነውና መልሴን እዚህ ልጻፈው፦ ካርቶኑን አትመኑ።

መጠየቅ ያለባችሁ «አንሲ ሉመን» ስንት እንደሆነ ነው። እሱ በወጥ ደንብ የተለካ ብርሃን ነው፤ ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ አያልፍም። «4ኬ ይደግፋል» ማለትም 4ኬ ያሳያል ማለት አይደለም። ፋይሉን ይቀበልና በራሱ ዝቅተኛ ጥራት ያወጣዋል። የራሱን ጥራት የሚነግራችሁ «ኔቲቭ» የሚለው ቁጥር ነው፤ እሱን እዩ።

የምስሉን ወርድና ቁመት እጥፍ ስታደርጉ ስፋቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀን ማየት የሚፈልግ መጀመሪያ ወፍራም መጋረጃ ይግዛ።

ድምፁ ላይ ደግሞ አምስቱንም ስፒከር ከፊት የደረደረ ቤት ስንቱን አየሁ! 5.1 ማለት ሦስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከሶፋው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብለው፣ ከጆሮ ከፍ ተደርገው ነው። «ነጥብ አንዱ» ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሰብውፈር ነው። የፊልሙ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ስለሆነ ቡፌ ውስጥ አትደብቁት።

ፕሮጀክተራችሁ ባለ አምፖል ከሆነ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ቆሞ አምፖሉ ሊጎዳ ይችላል።

የሳሎናችሁን ርዝመትና ወርድ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።