ያውቁ ኖሯል? ከጓሮዎ ሥር ያለው ቆፋሪ

መቀሌ ሮማናት አካባቢ ግቢ አለዎት? ቆስጣና ሰላጣ ተክለው፣ ጠዋት ሲነሡ ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ አግኝተውት ያውቃሉ? ሌባው ምናልባት በአጥር አልገባም። ከእግርዎ ሥር ነው ያለው!

ፍልፈልን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ብዙዎች «ሞል» ይሉታል። አይደለም! እውነተኛው ሞል በአፍሪካ ምድር ጨርሶ የለም! እሱ ትል በሊታ ነው፤ የእኛ ፍልፈል ግን ሥር በሊታ፣ የአይጥ የሥጋ ዘመድ!

ፍልፈል በምን የሚቆፍር ይመስልዎታል? በጥርሱ! ታዲያ አፈሩ ጉሮሮው አይገባም? አይገባም! ከንፈሮቹ የሚገጥሙት ከፊት ጥርሶቹ በስተኋላ ነው። አፉን ዘግቶ ይነክሳል እኮ! ጥርሱም ቢያልቅ አይጨነቅም፤ ዕድሜ ልኩን ያድጋል።

ይህ ፍጡር ከዘመድም ጋር አይኖርም! አንድ ዋሻ፣ አንድ ባለቤት። መኝታውም ጎተራውም እዚያው ውስጥ ነው።

አንድ ድክመት ግን አለበት፦ የተከፈተ ዋሻ አይወድም! ቀዳዳ ካየ አፈር እየገፋ ሊደፍን ይመጣል። የምሥራቅ አፍሪካ አጥማጆች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ዋሻውን ይከፍቱታል፤ ሸምቀቆ አፉ ላይ ይዘረጋሉ፤ የሸምቀቆውን ጫፍ ከተለመጠ እንጨት ጋር ያስሩታል፤ እንጨቱን በቀጭን ክር ይይዙታል። ፍልፈል ሆዬ አፈሩን እየገፋ ሲመጣ ክሩን ይነካል፤ እንጨቱ ተፈናጥሮ ይቃናል፤ ሸምቀቆው ወገቡን ጥርቅም! ቤቱን ሊጠግን ወጥቶ ቀረ!

ግዙፉ ፍልፈል በዓለም ላይ ከባሌ ደጋማ ምድር ሌላ አገር የለውም! አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ዓይኖቹ ደግሞ አናቱ ላይ ናቸው! አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ቀይ ቀበሮ መኖር አለመኖሯን ይቃኛል። ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ በባሌ ዋነኛ ምግቧ እሱ ነው!

እሷ ብቻም አይደለችም! ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ ጥላ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ30,000 ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር! የተጠበሰው አጥንት እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ወጥመዳቸው ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ምን ባልሰጠሁ!

ቀይ ቀበሮን ካነሣን፣ በመንዝ ጓሳ አይጥ ስታድን ጭላዳዎች መሃል ትገባለች! ብቻዋን ስትሆን የሚሳካላት ከአራት ሙከራ አንዱ ያህል ነው። በጭላዳ መንጋ መሃል ግን ከሦስቱ ሁለቱ! የጭላዳ ግልገሎች አጠገቧ ይፈነጫሉ፤ እሷ ዞር ብላም አታያቸው!

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ፀጉር የሌለው ፍልፈል አለ! እንደ ንብ ንግሥት አለችው፤ የምትወልደው እሷ ብቻ ናት። ያለ ኦክስጅን 18 ደቂቃ ይቆያል! አይጥ የሚያክል ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል!

ይህን ራቁቱን ፍልፈል፣ የባሌውን ግዙፍና የደምቢያን አይጥ ለሳይንስ ያስተዋወቀው አንድ ሰው ነው፤ ያውም በአንድ ዓመት! ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፣ እ.ኤ.አ. በ1842።

ወደ ትግራይ እንመለስ። ማሳውን ከሚያጠፉት አይጦች አንዱ በሳይንስ ስሙ የደምቢያ፣ ሌላው የአዋሽ ይባላል! የደጉዓ ተምቤን ገበሬ የጎንደሩን ደምቢያና የአዋሽን ስም የያዙ እንግዶች ሳይወድ ይቀልባል። የአዋሹ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። የቅርብ ዘመዱ የሆነችው አይጥ ደግሞ እስከ 24 ጡት አላት! 24!

የትግራይ ሕዝብ አፈሩን ለማዳን ተራራውን በድንጋይ እርከን አለበሰው፤ ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት አገኘ። በእርከኑ የተደሰተው ግን ሰው ብቻ አልነበረም! በድንጋዮቹ መካከል አይጥ ቤት ሠራ። እርከኑ በተቀራረበ ቁጥር አይጡም በዛ! ግቢዎ ውስጥ የድንጋይ ካብ ካለ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ስንጥቁን ይዩት።

ታዲያ ሊያጠምዱት አሰቡ? ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተሠራው ባለ ሞላ የአይጥ ወጥመድ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በዚያው አገር እስካሁን ከ4,000 በላይ የአይጥ ወጥመዶች ተመዝግበዋል! አይጡ ግን አሁንም አለ።

አይብ አስቀምጠው ጠብቀው ይሆናል። ይተዉት! ተመራማሪዎች በሳጥን ወጥመዳቸው የሚያኖሩት የለውዝ ቅቤ ነው!

የተጠመደለትን ትቶ ለሰው የተጠመደውን የሚያገኝ አይጥስ ሰምተዋል? ታንዛኒያ ተወልዶ ካምቦዲያ የሠራው ማጋዋ 71 ፈንጂ አሽትቶ አግኝቷል! እ.ኤ.አ. በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለለት!

ትግራይ በቫይረስ ስምም ተጠርታለች! እ.ኤ.አ. በ2012 በትግራይ ደጋ ላይ በአንዲት እግረ ነጭ አይጥ ውስጥ መገኘቱ የተዘገበው የሀንታ ቫይረስ ስሙ «ትግራይ» ነው። ስለዚህ ጠዋት ወጥመድዎን ሲያነሡ በባዶ እጅዎ አይንኩት። ጓንት ከሌለዎት ፌስታል ያጥልቁ!