መጥረቢያው የማን ነው?

መርሳ ከተማ፣ ከደሴ ወልድያ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ባለች ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ አንድ ልጅ «ጎድ ኦፍ ዋር»ን ከፈተ። ዕድሜው አሥራ አምስት ቢሆን ነው። ስክሪኑ ላይ ጺማም ግዙፍ ሰው በረዶ በሞላው ጫካ ቆሟል። የዛፉን ግንድ በእጁ ዳሰሰ፤ ከዚያ መጥረቢያውን አንስቶ መቁረጥ ጀመረ። ዛፉ ወደቀ። ሰውየው ግንዱን ተሸክሞ መንገድ ገባ። ከልጁ ኋላ የቆሙት ጓደኞቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እለፈው እንጂ!» አለ አንዱ። ልጁ ጆይስቲኩ ላይ ያለውን አዝራር ሁሉ ነካካ፤ ጨዋታው ግን አላሳልፍ አለው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚዋጋው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

አልፈረድኩበትም። እዚያ ቤት ኳስ በጨዋታ፣ ሌላው በሰዓት ነው የሚከፈለው። ሰውየው ግንድ ተሸክሞ በተራመደ ቁጥር የልጁ ሂሳብ ይቆጥራል። ንግግሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈጥኖ ያልፈዋል።

ይህ ጨዋታ የሚዛመደው የጨዋታ ዘር «አክሽን አርፒጂ» ይባላል። የዘር ሐረጉ ከሁለት ወገን ይመዘዛል። በአንድ ወገን እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አለ፤ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር እየወረወሩ ታሪክ አብረው የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። በሌላው ወገን ጣት የፈጠነለት የሚያሸንፍበት የፍልሚያ ጨዋታ አለ። ከመጀመሪያው ታሪኩንና ደረጃ በደረጃ የሚያድገውን ጀግና፣ ከሁለተኛው የሰይፉን ፍጥነት ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ «ጎድ ኦፍ ዋር» ንጹሕ አርፒጂ ባይሆንም የትጥቅ ማሻሻሉንና የደረጃ ዕድገቱን ከዚያው ቤት ነው የተዋሰው።

የእነዚህ ጨዋታዎች ሠሪዎች ራስ ምታት ታዲያ ቀላል ነገር ይመስላል፦ እጅ ሲሠራ ጆሮ አይሰማም። ጭራቅ እየመጣብህ ሳለ ስለ አያትህ ቢያወሩህ አትሰማም። ጭራቁን አቁመው ቢያወሩህ ደግሞ «እለፈው!» ትላለህ።

የወሎ ሰው ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ፎካሪ ጋሻና ጦሩን ይዞ ሲነሳ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ፣ የት ውሎ ምን እንደሠራ ይናገራል፤ የፈረስ ስሙንም ይጠራል። በአድዋ የወሎን ሠራዊት ይዘው የዘመቱት ራስ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ነበሩ። የፈረስ ስም በሁለት ቃል የተቋጠረ ታሪክ ነው። ጦሩ ከእጅ ሲወጣ ግን ማንም ቆሞ አይተርክም፤ ትረካው ቦታው ከውጊያው በፊትና ከድል መልስ ነው። ያ ቦታ ስላለው አድማጩ ውጊያውን እንደ ራሱ ይከተለዋል።

ጎበዞቹ ሠሪዎች የደረሱበትም እዚሁ ነው። በ«ጎድ ኦፍ ዋር» አባትና ልጅ ወጋቸውን የሚያወጉት ብዙ ጊዜ ጀልባ ሲቀዝፉ ነው፤ ጀልባው ዳር ሲደርስ ወጉ ይቋረጣል፣ ተመልሰው ሲሳፈሩ ካቆሙበት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ሄድስ» ደግሞ ሽንፈትን ራሱን የወሬ ሰዓት አደረገው፤ ጀግናው በሞተ ቁጥር ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፣ ቤተሰቡም ያልሰማውን ይነግሩታል። «ዳርክ ሶልስ»ን የመራው ጃፓናዊው ሂደታካ ሚያዛኪ ግን ታሪኩን በሰይፍና በቀለበት መግለጫ ላይ ቁራሽ ቁራሽ አድርጎ በተነው። ሚያዛኪ ልጅ ሳለ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የምናብ መጻሕፍት ይዋስ ነበር፤ ቋንቋው ከአቅሙ በላይ ስለነበር ያልገባውን በሥዕሉና በራሱ ግምት ይሞላው ነበር። ይህን ሳነብ የመርሳው ልጅ ነው ፊቴ የመጣው። እሱም ያልገባውን በግምት እየሞላ ነው የሚጫወተው።

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካው ከካሜሩን የመጣው ነው። ያውንዴ ያለው ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪየን» የተባለ አክሽን አርፒጂ አወጣ። የዛማ ልዑል ኤንዞ ዘውድ በሚጭንበት ቀን የሚስቱ ወንድም ዙፋኑን ይገለብጥበታል፤ ከሚስቱ ከኤሪን ጋር ይሰደዳል። ስደቱ ታሪኩ ነው። ፍልሚያ ሲመጣ ግን ኤሪን ጥግ ይዛ አታለቅስም፤ አብራው ትዋጋለች። ኃይሉንም የሚያገኘው ከአባቶቹ ቅርስ ነው። ስለ ትዳርና ስለ ዘር ሐረግ ማንም ቆሞ መስበክ አላስፈለገውም፤ አንድ ጠላት በተመታ ቁጥር ሁለቱም እዚያው ይታያሉ። ሚዛን ማለት ግማሽ ሰዓት ወሬ፣ ግማሽ ሰዓት ድብድብ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላየሁም።

በእኛ አገር የዳዊት አብርሃም ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል፤ በ«ኩኩሉ» ደግሞ የምትሸሽ ዶሮ አስሩጦናል። በአማርኛ የሚናገር፣ ሰይፍም ታሪክም ያለው ጨዋታ መርሳ ቢደርስ ምንኛ እወድ ነበር! የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ ያለችበት ሐብሩ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆይቷል። ያኔ እነዚህ ልጆች ገና ትንንሽ ነበሩ። ጦር ለምን እንደተነሳ፣ ማን እንደሞተ፣ የቀረው እንዴት እንደኖረ የሚጠይቅ ጨዋታ ከማንም በላይ ለእነሱ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ያን ዕለት ለመርሳው ልጅ «ሰውየው ሚስቱ ሞታበት ነው» አልኩት። «አስከሬኗን የሚያቃጥልበትን እንጨት እየቆረጠ ነው። የዚያ ትንሽ ልጅ እናት ናት። አመዷን ተራራ ጫፍ እንዲበትኑት ተናዝዛለች።»

ጓደኞቹ ዝም አሉ። ልጁ ስክሪኑን አየ።

«መጥረቢያውስ የማን ነው?»

«የእሷ ነበር።»

ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው ጠላት መጣ። ልጁ መጥረቢያውን ወረወረው፤ መልሶ ጠራው፤ እየተሽከረከረ መጥቶ እጁ ላይ ገባ። ጠላቱ ከወደቀ በኋላም አንዴ ባዶ ሜዳ ላይ ወረወረውና መልሶ ጠራው። ከዚያ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ወደ ቤቱ ባለቤት ጮክ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምርልኝ» አለ።