የጤና ሠራተኞቻችን ድካም ይቅለል

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። በአንድ ቀበሌ ወደ 5000 ሰው ይኖራል። ሥራው ብዙ ነው።

ዳገቱን ወጥተው ሲመጡ በራችን ተዘግቶ ቢያገኙት ልባቸው አያዝንም? የኩፍኝ ክትባት ብልቃጡ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። እኛ ስንቀር ክትባቱም ድካማቸውም ይባክናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቀጠሮው ቀን ልጆቻችንን በጊዜ እንውሰድ። ካርዱን አንርሳ። ለጤና ኬላው ውሃ በተራ እንቅዳ። ቤታችን ሲመጡ፣ «እህታችን፣ ደክሞሻል፤ አረፍ በይ» እንበል። «በርቺ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እነሱ ደስ ብሏቸው ይሥሩ፤ ልጆቻችንም በጤና ይደጉ።